ስለ መምህራን ትምህርትና ስለ ቀጥታ መሥመር ሒሳብ

መምህርን ማስተማርና ተማሪን ማስተማር በአንድ ስም ቢጠሩም በሥራ የተለያዩ ናቸው። ተማሪ የተማረውን ለራሱ ቢያውቅ ይበቃዋል፤ መምህር የሚሆን ሰው ግን የሚያውቀውን ነገር ከነምክንያቱ ማወቅ፥ ሌላውም ሰው ያን ነገር ሳይረዳው የሚቀርበት ቦታ የት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማየት አለበት። ይህ ልዩነት በማናቸውም ትምህርት ያለ ነው፤ ነገር ግን እንደ ሒሳብ ጐልቶ የሚታይበት የለም፤ በሒሳብም ውስጥ ፋንክሽን፥ ግራፍና እኩልዮሽ በተባሉት ክፍሎች ከሁሉ ይልቅ ይታያል።

አንድ የሒሳብ መምህር በየዓመቱ 200 ልጆች ቢያስተምር፥ 30 ዓመት ባገለገለ ጊዜ 6,000 ልጆች በእጁ አልፈዋል ማለት ነው። ይህ መምህር ያልተቃና ሐሳብ ይዞ ከማሠልጠኛ የወጣ እንደ ሆነ ስሕተቱ በአንድ ሰው ልብ ተወስኖ አይቀርም፤ ከዓመት ወደ ዓመት በእኩል መጠን እየጨመረ ይሄዳል። ከእነዚያም 6,000 ልጆች መካከል መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ የገንዘብ ሹም ሊሆን የሚችል አለ፤ ራሱም መምህር የሚሆን አለ። ምንጩ የደፈረሰ እንደ ሆነ ወንዙን ማጥራት ብዙ ድካም ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከምንጩ፥ ይኸውም ከመምህራን ማሠልጠኛው መጀመር ይገባዋል።

ፋንክሽን የተባለው ቃል ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ቢሆንም ነገሩ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሁለት ነገሮች ተያይዘው ሲሄዱ፥ የአንደኛው መጠን በታወቀ ጊዜ የሁለተኛው መጠን ያለ ጥርጥር አንድ ብቻ ሆኖ የሚታወቅ ከሆነ፥ ሁለተኛው የአንደኛው ፋንክሽን ነው ይባላል። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ የሠራባቸው ቀኖች ፋንክሽን ነው፤ በሚዛን የሚሸጥ ቡና ዋጋ የኪሎው ፋንክሽን ነው። ግራፍ ማለት ይህን ዝምድና በአግዳሚና በቋሚ መሥመር መካከል ሥሎ ለዓይን ማሳየት ነው። እኩልዮሽ ማለት ደግሞ ያንኑ ዝምድና የእኩልነትን ምልክት በመካከል አድርጎ በፊደልና በቍጥር መጻፍ ነው።

ይህ ሐሳብ ዛሬ ባለበት መልክ በአንድ ቀን አልተወለደም። በ14ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር የነበረው ኒኮል ኦሬም፥ ኋላ በ1377 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሊዚዬ ጳጳስ የሆነው፥ የሚለዋወጥን ነገር መጠን፥ ለምሳሌ የፍጥነትን መጨመርና መቀነስ፥ በአግዳሚ መሥመር ላይ በሚቆሙ ቀጥ ያሉ መሥመሮች እያስመሰለ አሳየ። በዚያው አቈጣጠር በ1637 ሬኔ ዴካርት አልጀብራንና ጂኦሜትሪን ያስተባበረበትን ጽሑፍ አሳተመ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይብኒትስ ፋንክሽን የሚለውን ቃል በሒሳብ ቋንቋ ውስጥ አስገባ። ኦይለርም በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ፋንክሽን ማለት በፊደልና በቍጥር የተቀነባበረ የሒሳብ አገላለጽ ነው ብሎ ተረጐመው፤ በ1755 ግን ትርጓሜውን አስፍቶ፥ አንዱ መጠን ሲለወጥ ሌላው የሚለወጥ ከሆነ ሁለተኛው የአንደኛው ፋንክሽን ይባላል አለ። በ1837 ዲሪክሌ የተባለው ሊቅ ከዚህ አልፎ ለእያንዳንዱ የመጀመሪያ መጠን አንድ የተወሰነ ሁለተኛ መጠን መኖሩ እንደሚበቃ፥ ሁሉም በአንድ ቀመር መጻፉ ግን ግዴታ እንዳልሆነ አስረዳ።

የዚህ ታሪክ ጥቅሙ ስሞችንና ዓመታትን ለማጥናት አይደለም። ሊቃውንት ከ1748 እስከ 1837 የተጓዙትን መንገድ ዛሬ ዕጩው መምህር በአእምሮው መጓዝ ስላለበት ነው። ፋንክሽን ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ዕጩ መምህር ቀመር ነው ብሎ ይመልሳል፤ ይህም ኦይለር በመጀመሪያ የቆመበት ቦታ ነው። ግራፉ ቀጥ ያለ ወይም ለስላሳ ሆኖ የተጐበጠ ካልሆነ፥ ወይም ነገሩ በሠንጠረዥ ብቻ የተሰጠ ከሆነ፥ ይህስ ፋንክሽን አይደለም ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ መምህር ለተማሪው የሚያወርሰው ጠባብ በር ነው።

ይህን ጠባብ በር ለማስፋት በኢትዮጵያ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። የባሕረ ሐሳብ ትምህርት በሙሉ የፋንክሽን ትምህርት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሊቁ ዓመተ ምሕረቱን ይዞ 5,500 ሲጨምርበት ዓመተ ዓለምን ያገኛል። ዓመተ ምሕረቱ በ1 በጨመረ ጊዜ ዓመተ ዓለሙም በ1 ይጨምራል፤ የመነሻው ልዩነት ግን ምንጊዜም 5,500 ነው። ይህ በግራፍ ቢሣል አንዳች ጕብጠት የሌለበት ቀጥታ መሥመር ይሆናል። እንግዲህ የቀጥታ መሥመር ሒሳብ ሁለቱም ዋና ነገሮች፥ ይኸውም መነሻውና በየአንዱ የሚጨምረው መጠን፥ በዚህ በአንዱ መደመር ውስጥ ተገኝተዋል።

ሊቁ ቀጥሎ ዓመተ ዓለሙን በ19 ይገድፋል፤ ከቀረውም አንዱን ትቶ ወንበርን ያገኛል። ወንበርን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው አበቅቴ፥ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው መጥቅዕ ይወጣል። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7,516 ነበር፤ በ19 ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ ወንበሩም 10 ይሆናል። 10 በ11 ሲባዛ 110፥ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20 ነው። 10 በ19 ሲባዛ 190፥ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ነው። በ2014 ዓ.ም. አበቅቴው 28፥ መጥቅዑ 2 ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. 9ና 21፤ በ2017 ዓ.ም. 1ና 29 ነበሩ። በየዓመቱ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። አበቅቴው ሀ፥ መጥቅዑ ለ ቢባል እኩልዮሹ ሀ + ለ = 30 ነው። ነጥቦቹ በግራፍ ላይ ቢቀመጡ ሁሉም ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ በሚወርድ በአንድ ቀጥታ መሥመር ላይ ይሰለፋሉ፤ አበቅቴው አንድ ሲጨምር መጥቅዑ አንድ ይቀንሳልና።

መምህርን ከተማሪ የሚለየው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ስፍራ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን በቃል መያዝ ለተማሪ ይበቃ ይሆናል፤ ለምን 30 ሆኑ ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ ግን የመምህር ግዴታ ነው። ምክንያቱም ይህ ነው፤ 11ና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ወንበር በ11ም በ19ም ተባዝቶ ሁለቱ ብዜቶች ቢደመሩ ድምሩ ወንበሩን በ30 ያባዙት ያህል ነው። ድምሩ በ30 ያለ ቀሪ የሚከፈል ከሆነ፥ ከሁለቱ ከየራሳቸው የተረፉት ሁለት ቀሪዎችም ተደምረው 30 ሊሞሉ ግድ ነው። ወንበሩ አልቦ በሆነ ጊዜም አበቅቴው አልቦ፥ መጥቅዑ 30 ተብሎ ይያዛልና ድምሩ አይፈርስም። ይህን ምክንያት የተረዳ ሰው ደንቡን ቢረሳው እንኳ ራሱ መልሶ ያገኘዋል፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ግን ደንቡ የጠፋበት ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

ፋንክሽን ሁሉ ቀጥታ መሥመር አለመሆኑንም ይኸው ሒሳብ ያስተምራል። ፋሲካ በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ 11፥ በ2013 ሚያዝያ 24፥ በ2014 ሚያዝያ 16፥ በ2015 ሚያዝያ 8፥ በ2016 ሚያዝያ 27፥ በ2017 ሚያዝያ 12 ቀን ውሎአል። እነዚህ ነጥቦች በግራፍ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ከፍ፥ አንዱ ዝቅ እያለ ይበተናሉ እንጂ መሥመር አይሠሩም። የሆነ ሆኖ ፋንክሽን መሆናቸው አይካድም፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ፋሲካ ብቻ አለውና። ነገሩን ገልብጦ ቀኑን በመያዝ ዓመቱን መፈለግ ግን ፋንክሽን አይሆንም። ፋሲካ በ2003 ዓ.ም.ም በ2014 ዓ.ም.ም ሚያዝያ 16 ቀን ስለ ዋለ፥ ሚያዝያ 16 የዋለበት ዓመት የትኛው ነው ለሚል ጥያቄ አንድ ብቻ የሆነ መልስ የለምና። ተማሪዎች ከብዙ ድካም በኋላም የሚያደናግራቸው ይህ የመሄድና የመመለስ ልዩነት በአንድ የበዓል ሠንጠረዥ ብቻ ሊገለጥላቸው ይችላል።

ከዚህም ሌላ አንድ ትንሽ የምትመስል ትልቅ ነገር አለች። ተማሪ ነጥቦችን ባየ ጊዜ ወዲያው በመሥመር ሊያያይዛቸው ይቸኩላል። ዕጩው መምህርም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን በ2014ና በ2015 መካከል ሌላ ዓመት የለም፤ ዓመት ተኩል ብሎ ፋሲካ የለም። ስለዚህ ነጥቦቹን የሚያያይዘው መሥመር የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ይናገራል። በአንጻሩ ግን ከጧት እስከ ማታ የሚለካው የአየር ሙቀት በሁለት ሰዓቶች መካከልም ስላለ መሥመሩ ተገቢ ነው። መቼ ማያያዝ፥ መቼም ነጥቡን ብቻ መተው እንደሚገባ መለየት ከእጅ ሥራ ሳይሆን ከማስተዋል የሚመጣ ነው።

በትርጓሜ ቤት አንድ ንባብ በብዙ አንድምታ እንደሚተረጐምና አንድምታዎቹም ሁሉ ወደ አንዱ ንባብ እንደሚመለሱ፥ ፋንክሽንም እንዲሁ በአራት መንገድ ይገለጣል፤ በቃል፥ በሠንጠረዥ፥ በእኩልዮሽና በግራፍ። አራቱን ለየብቻቸው የሚያውቅ ሰው አራት ትምህርት የተማረ ይመስለዋል። ዕጩው መምህር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ችግር የሚመላለስ ሊሆን ይገባዋል፤ ግራፉን አይቶ ታሪኩን በቃል ሊናገር፥ ታሪኩን ሰምቶ ሠንጠረዡን ሊዘረጋ፥ ሠንጠረዡን አይቶ እኩልዮሹን ሊጽፍ ይገባዋል። ተማሪ በአንደኛው በር መግባት ባቃተው ጊዜ ሁለተኛውን በር ሊከፍትለት የሚችለው እንዲህ ያለው መምህር ብቻ ነው።

ለቀጥታ መሥመር ሌላ ምሳሌ ከደጋና ከቈላ ይገኛል። ከምድር ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ከፍታ የአየር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። እንግዲህ 1,000 ሜትር ከፍታ ባለው ቈላ 26 ዲግሪ ቢሆን፥ በ2,000 ሜትር 19.5፥ በ3,000 ሜትር 13 ዲግሪ ይሆናል። ከፍታው በኪሎ ሜትር ሀ፥ ሙቀቱ ለ ቢባል፥ ለ = 32.5 − 6.5ሀ ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ዕጩ መምህራን 6.5 የመሥመሩ ተዳፋት ነው፥ 32.5 ደግሞ ቋሚውን መሥመር የሚነካበት ነው ብለው በፍጥነት ይመልሳሉ። ተዳፋት ምን ማለት ነው ቢባሉ ወደ ላይ የሄደውን ወደ ጐን ለሄደው ማካፈል ነው ይላሉ። ይህ አሠራሩ ነው እንጂ ትርጓሜው አይደለም።

ትርጓሜው እንዲህ ነው፤ 6.5 ማለት ሰው አንድ ኪሎ ሜትር በወጣ ቍጥር የሚያጣው ሙቀት ነው፤ የመቀነስ ምልክቱም ሲወጡ መብረዱን ይናገራል። 32.5 ማለት ያው ደንብ እስከ ባሕር ወለል ቢወርድ በዚያ የሚገኘው ሙቀት ነው። እንዲህ የተረዳው መምህር ተማሪውን ወደ ፊት ሊወስደው ይችላል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ በሚቆመው በራስ ደጀን አጠገብ፥ በ4,500 ሜትር ላይ፥ ስንት ይሆናል ብሎ ቢጠይቀው 3.25 ዲግሪ የሚል መልስ ያገኛል። ከዚህም አልፎ መሥመሩ ያለ ወሰን ይቀጥላልን ብሎ ይጠይቀዋል። ሙቀቱ ከፍ ወዳለው ሰማይ ያለ ማቋረጥ በዚሁ መጠን እየቀነሰ አይሄድምና፥ መሥመር በወረቀት ላይ ወሰን ባይኖረውም በፍጥረት ላይ ግን ወሰን እንዳለው ተማሪው ይማራል። ይህን መለየት ለሹምም የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ የአምስት ዓመት ገቢን አይቶ የሃምሳ ዓመት በጀት ቢያሰላ ትርፉ ኪሣራ ነውና።

ጐን ለጐን የሚሄዱ መሥመሮችም በበዓላቱ ተውሳክ ውስጥ በግልጥ ይታያሉ። ነነዌ በዋለች በ14 ቀን ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በ41 ቀን ደብረ ዘይት፥ በ62 ቀን ሆሣዕና፥ በ67 ቀን ስቅለት፥ በ69 ቀን ትንሣኤ፥ በ108 ቀን ዕርገት፥ በ118 ቀን ጰራቅሊጦስ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 18 ስለ ዋለች ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ሆነ። ነነዌ በዐሥር ቀን ብትዘገይ ሁሉም በዐሥር ቀን ይዘገያሉ። የነነዌ ቀን በአግዳሚው፥ የሌሎቹ በዓላት ቀን በቋሚው መሥመር ላይ ቢቀመጥ እያንዳንዱ በዓል አንድ ቀጥታ መሥመር ይሠራል፤ መሥመሮቹ ሁሉ ተዳፋታቸው አንድ፥ መነሻቸው የተለያየ ስለ ሆነ ከቶ አይገናኙም። ተዳፋታቸው አንድ የሆነ፥ መነሻቸው ግን የተለያየ መሥመሮች የማይገናኙት ለምን እንደ ሆነ፥ ሆሣዕናና ትንሣኤ በአንድ ቀን ሊውሉ እንደማይችሉ የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ይረዳዋል።

መሥመሮች የሚገናኙበትን ማግኘት ደግሞ የእኩልዮሽ ሥራ ነው። ከሁለት የውኃ ማጠራቀሚያዎች አንዱ 200 ሊትር ይዞ በየሰዓቱ 15 ሊትር ቢጨመርበት፥ ሁለተኛው 500 ሊትር ይዞ በየሰዓቱ 10 ሊትር ቢቀዳበት፥ እኩል የሚሆኑት መቼ ነው? ሰዓቱ ሰ ቢባል፥ 200 + 15ሰ = 500 − 10ሰ ይሆናል። በትምህርት ቤት የተለመደው አነጋገር፥ ቍጥር የእኩልነትን ምልክት ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል የሚል ነው። ተማሪ ይህን ቃል ይዞ በትክክል ሊሠራ ይችላል፤ ሲሻገር ለምን ይለወጣል ቢባል ግን ዝም ይላል። ዝምታው ወደ ማሠልጠኛ ተከትሎት ይመጣል፤ ከማሠልጠኛውም ወደ ሰሌዳው ፊት።

ነገሩ ግን የገበያ ሚዛን ነው። ከሚዛኑ በአንዱ ወገን የተጨመረ በሌላው ካልተጨመረ ሚዛኑ ያጋድላል። በሁለቱም ወገን 10ሰ ቢጨመር በቀኝ የነበረው ጕድለት ይሞላል፤ በግራም 25ሰ ይሆናል፤ ከሁለቱም ወገን 200 ቢነሣ 25ሰ = 300 ይቀራል፤ ስለዚህ ሰ 12 ነው። በ12ኛው ሰዓት ሁለቱም 380 ሊትር ይይዛሉ። የተሻገረ ነገር የለም፤ በሁለቱም ወገን እኩል ሥራ ተሠራ እንጂ። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የጻፈው አል ኽዋሪዝሚ ለሥራው የሰጠው ስም፥ አልጀብር፥ የጐደለውን መሙላት ወይም መጠገን ማለት ነው፤ አልጀብራ የተባለው የትምህርት ስምም ከዚያ ወጣ። ስሙ ራሱ ምክንያቱን ይናገር ነበር፤ ዘግይቶ የመጣው የቃል ጥናት ግን ምክንያቱን ሸፈነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ልጆች የእኩልነት ምልክት ማለት መልሱ ቀጥሎ ይመጣል ማለት ይመስላቸዋል፤ 8 + 4 = ? + 5 ተብለው ቢጠየቁ በጥያቄው ስፍራ 7 መጻፍ ሲገባቸው 12 ይጽፋሉ።

የሚያስተምር ሰው የተማሪን ስሕተት በዐይነቱ ማወቅ አለበት፤ ስሕተት እንደ በሽታ ሁሉ መልክ አለውና። በአሜሪካ አገር ጆን ክሌመንት የተባለው መርማሪ በ1982 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው ጥናት የምሕንድስና ጀማሪ ተማሪዎችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ ነበር፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቍጥር የመምህራኑን ቍጥር 6 እጥፍ ነው፤ ይህን በእኩልዮሽ ጻፉ። ተማሪዎቹ ተ፥ መምህራኑ መ ቢባሉ ትክክለኛው ተ = 6መ ነው። ከሢሶ የሚበልጡት ግን ተሳሳቱ፤ ብዙዎቹም 6ተ = መ ብለው ገልብጠው ጻፉት። እነዚህ ሰነፎች አልነበሩም። ፊደሉን የቍጥር ምትክ አድርገው ሳይሆን እንደ ስም አሕጽሮት አድርገው አነበቡት፤ 6 ተማሪ ለ1 መምህር ያሉ መሰላቸው። ይህን የማያውቅ መምህር ተሳስተሃል ብሎ ቀይ መሥመር ያሰምርበታል፤ የሚያውቅ ግን 10 መምህራን ቢኖሩ ተማሪዎቹ ስንት ናቸው ብሎ ጠይቆ ተማሪው ስሕተቱን በራሱ እጅ እንዲያገኘው ያደርገዋል።

ሁለተኛው የታወቀ ስሕተት ግራፍን እንደ መልክዐ ምድር ሥዕል ማየት ነው። አንድ መንገደኛ በበቅሎ ተቀምጦ ተራራ ወጥቶ ቢወርድ፥ የፍጥነቱን ግራፍ ሣሉ የተባሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ ተራራውን ይሥላሉ። እውነቱ ግን በተቃራኒው ነው፤ በቅሎዋ ዳገት ስትወጣ ፍጥነቷ ስለሚቀንስ መሥመሩ ዝቅ ይላል፤ ሜዳ ላይ ስትደርስ ከፍ ይላል። መምህሩ ይህን ስሕተት የሚጠብቀው ከሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ የማይጠብቀው ከሆነ ግን ልጁ ትክክለኛውን ግራፍ ከሰሌዳው ገልብጦ በልቡ ተራራውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የመምህራን ማሠልጠኛ ጕዳይ መሆኑን ከመቶ ዓመት በፊት ያስተዋሉ ነበሩ። በጀርመን አገር በጌቲንገን ያስተምር የነበረው ፊሊክስ ክላይን ለዚህ ነገር ብዙ ደከመ፤ በ1905 በሜራን ከተማ በቀረበውም የትምህርት ማሻሻያ ሐሳብ ፋንክሽንን ማስተዋል የትምህርት ቤት ሒሳብ ማዕከል እንዲሆን ተጠየቀ። ክላይን በ1908 ለመምህራን ባወጣው መጽሐፍ ሁለት ስንጥቆችን አመለከተ። ወጣቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከትምህርት ቤት ያመጣው ዕውቀት የማያስፈልግ ይመስለዋል፤ መምህር ሆኖ ሲመለስ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ዕውቀት አይጠቅመውምና ይረሳዋል፤ መጨረሻውም በልጅነቱ እንደ ተማረው አድርጎ ያስተምራል። አሜሪካዊው ሊ ሹልማንም በ1986 ለመምህር ትምህርቱን ብቻ ወይም የማስተማርን ዘዴ ብቻ ማወቅ እንደማይበቃ፥ ሁለቱ የተዋሐዱበት የመምህር የራሱ የሆነ ዕውቀት እንዳለ አስረዳ።

በኢትዮጵያ በዘመናዊ መልክ መምህራንን ማሠልጠን የተጀመረው በ1944 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማሠልጠኛዎች በየክፍላተ ሀገሩ በዝተዋል። ቤቱ ከበዛ ዘንድ ቀሪው ጥያቄ በቤቱ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ስለዚህም ጕዳይ አራት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

አንደኛ፥ ዕጩው መምህር ቀጥታ መሥመርን በትምህርት ቤት ተምሮአል ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ያወቀውን ከሥሩ ጀምሮ ለምን እያለ እንደ አዲስ ሊመረምረው ይገባል። ሁለተኛ፥ ፈተናው ሰ ስንት ነው ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ትምህርቱም በዚያው ይወሰናል፤ ስለዚህ አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ተሳስቶአል፥ ያሳሳተው ምንድን ነው፥ በምን ጥያቄ ትመልሰዋለህ የሚል ጥያቄ በፈተናው ውስጥ ሊገባ ይገባል። ሦስተኛ፥ ዕጩው መምህር በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያስተምር፤ ይጠየቅም። ይህ በአብነት ትምህርት ቤት የቆየ ልማድ ነው፤ ትምህርቱ የገፋለት ተማሪ ጀማሪዎቹን እያስተማረ፥ ራሱም በመምህሩ እግር ሥር ይቀመጥ ነበር። በማስተማሩም ያላወቀውን ያውቅ ነበር። አራተኛ፥ ምሳሌው ከአገር ይሁን፤ ከገበያ ሚዛን፥ ከደጋና ከቈላ፥ ከመንገድና ከውኃ፥ ከበዓላት ሠንጠረዥም።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ሹማምንትም ካህናትም ድርሻ አላቸው። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ በየገዳሙና በየደብሩ አለ፤ የሒሳብ መምህራን ማሠልጠኛም በአጠገቡ አለ። ሊቁ ማሠልጠኛውን፥ ማሠልጠኛውም ሊቁን ሳይጠይቁ መኖራቸው የዐባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚያሰኝ ነው። ሊቁ ከደንቡ በታች ያለውን ምክንያት በአልጀብራ ቋንቋ ቢሰማው ደስ ይለዋል፤ ዕጩውም መምህር ፋንክሽን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ሳይሆን በገዛ አገሩ ሲሠራበት የኖረ መሆኑን ባየ ጊዜ ፍርሃቱ ይርቅለታል። ፍርሃት የራቀለት መምህር ደግሞ ልጆችን ከፍርሃት ያርቃቸዋል፤ በሒሳብ ትምህርት ልጆችን ወደ ኋላ ከሚያስቀሩት ነገሮች አንዱ ፍርሃት ነውና።

ለማሠልጠኛ ጊዜና ገንዘብ የሚመድቡ ባለሥልጣኖችም ይህን ሊያሰሉ ይገባል። ለአንድ ዕጩ መምህር ምክንያትን ለማስተማር የሚጨመረው ጊዜ ጥቂት ወራት ነው፤ ያም የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ትርፉ ግን ያ መምህር ባስተማረ ቍጥር በየዓመቱ ይመለሳል። ወጪው እንደ አግዳሚ መሥመር ባለበት ሲቆም ትርፉ እንደ ዳገት መሥመር ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሁለቱ መሥመሮችም የሚገናኙበት ቀን ሩቅ አይደለም።